«ዲስተርብ» ተሳቢ ይፈልጋል

ባለፈው ወር ከመካከላችን ስለ አንዱ ተማሪ ሁለት ወረቀት ተጽፎ ነበር። አንደኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለራሱ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ያው ማስጠንቀቂያ ወደ አማርኛ ተመልሶ አገር ቤት ለሚገኙት ለወላጅ አባቱ የተላከው ግልባጭ ነው። በእንግሊዝኛው ላይ ጥፋቱን የሚናገረው «ዲስተርብ» የሚለው ግስ ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገሩም ተማሪው በክፍል ውስጥ «ዲስተርብ» አድርጓል ብሎ በዚያው ያበቃል። በአማርኛው ላይ ግን ያው ቃል «ሁከት ፈጥሯል» ሆኖ ተገኘ። አባትየው ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤውን ያነበበላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። «ሁከት» የሚለውን ቃል እንደ ሰሙ ልጃቸው የታሰረ መስሏቸው ለዘር ካስቀመጡት እህል ላይ ሸጠው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው በሁለተኛው ቀን ከተማ ገቡ። ልጃቸውን ያገኙት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ነው።

ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት እኛም እዚያው ክፍል ነበርን። መምህሩ በሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት ሲያወርዱ ልጁ እጁን አውጥቶ ከሦስተኛው መስመር ወደ አራተኛው እንዴት እንደ ተሻገሩ ጠየቀ፤ መለሱለት። አልገባኝም ብሎ ደገመ፤ አሁንም መለሱለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተነሣ፤ መምህሩም ጠመኔውን አስቀምጠው ወጡ። የቀረው ሃያ ደቂቃ ያህል ባከነ። እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ጥያቄ እኛንም አሰልችቶን ነበር። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ልጁ ምንም አላደረገም ለማለት አይደለም። መምህራኖቻችንም ይህን ወረቀት እንደሚያነቡ ስለምናውቅ ማንንም ለመውቀስ አልተነሣንም። ነገር ግን በአንድ ቃል ምክንያት አንድ ገበሬ የዘር እህሉን ከሸጠ፣ ያ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራበት መመርመር የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው ብለን እናምናለን። ደግሞም ቃሉን ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ቀን ከሌት የምናነሣው እኛው ራሳችን ነን።

«ዲስተርብ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን ሥሩ ላቲን ነው። በላቲን «ቱርባ» ማለት ግርግር፣ የተተራመሰ ሕዝብ ማለት ነው። «ቱርባሬ» ደግሞ ማተራመስ፣ ማደፍረስ ነው። በፊቱ «ዲስ» የምትለው ቅጥያ ስትጨመርበት ሰብስቦና ረግቶ የነበረውን ነገር መበታተን ይሆናል። ችግር የሚባለው «ትራብል»፣ የደፈረሰ ውሃ የሚባልበት «ተርቢድ»፣ አውሮፕላን ላይ ተሳፍረን አየሩ ሲያንገጫግጨን የምንሰማው «ተርቡለንስ» ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ የእኛም ቋንቋ ከሩቅ እንደሚዛመድ ሰው ብቅ ይላል። እኛም የሰውን ጠባይና የአገርን ጸጥታ የምንናገረው በውሃ ነው። በሶ የሚበጠብጠውን ሰው በጠበጠ እንላለን፤ በሰዎች መካከል ነገር የሚያመላልሰውንም በጠበጠ እንላለን። ጠላ ይደፈርሳል፣ ወንዝ ይደፈርሳል፣ አገርም ይደፈርሳል። ላቲኖችም እኛም ተመካክረን አይደለም፤ ሁላችንም ከአንድ ምንጭ ዳር ቆመን ውሃ ስንቀዳ ያየነው ነገር ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው አጠቃቀም እንመለስ። እንግሊዞች «ዲስተርብ» የሚሉት በመጀመሪያ ደረጃ ነገር ከነበረበት ሁኔታ ሲነቃነቅ ነው። በጎጆዋ የተቀመጠች ወፍ ሰው ሲጠጋት ብርር ብላ ብትሄድ «ዲስተርብ» ሆነች ይላሉ። ለዓመታት በመደርደሪያ ላይ የተኛ አቧራ ሲነካ፣ ጠረጴዛ ላይ በሥርዓት የነበረ ወረቀት ተነካክቶ ሲገኝ፣ እንቅልፍ ሲቆራረጥ ያው ግስ ነው። የጥንት ቅርስ የሚቆፍሩ ሊቃውንት አንድ የአፈር ንጣፍ ከዚህ በፊት በማረሻ ወይም በውሃ ወይም በአይጥ ጉድጓድ ከተነካ «ዲስተርብድ» ነው ብለው ይመዘግባሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አጥፊ የለም። አይጧም አልተከሰሰችም። ቃሉ የሚናገረው ረግቶ የነበረው ነገር አሁን እንደ ነበረ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ከዚያ ቃሉ ወደ ሰው ይሻገራል። በሆቴል ክፍል በር ላይ ተንጠልጥሎ የምናየው «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለው ካርቶን ተኝቻለሁ ወይም ሥራ ላይ ነኝና አታንኳኩ ማለት ነው። ሰው ቢሮ ገብቶ «ሶሪ ቱ ዲስተርብ ዩ» ቢል ግን ትሕትና ነው። ይህን በአማርኛ «ልረብሽዎ መጣሁ» ብሎ ወደ መምህሩ ክፍል የሚገባ ተማሪ ካለ መልሱን ቢነግረን ደስ ይለናል። እኛ የምንለው «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ ነው» ነው። ከዚህም የሚያስደንቀው ሌላ አለ። የቀድሞዎቹ እንግሊዞች እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ሰው ሊነሣ ሲል፣ እንግዳው «ራስዎን ዲስተርብ አያድርጉ» ይለው ነበር። ይህም እኛ «ኖር!» ለሚለን ሰው «በእግዜር! ይቀመጡ» የምንለው ነው። አንድ ግስ በአንድ በኩል ከአይጥ ጉድጓድ፣ በሌላ በኩል ከ«በእግዜር» ጋር ሲገጥም እያየን፣ በየትኛው መዝገበ ቃላት ገልጠን ነው «ሁከት» ብለን የምንዘጋው?

ስለ አእምሮ ሲነገርም ቃሉ ሁለት መልክ አለው። አንድ እንግሊዝ ዜና ሰምቶ «ዲስተርብድ» ነኝ ቢል አሳሰበኝ፣ ሐሳብ ገባኝ ማለቱ ነው፤ ጮኹብኝ ማለቱ አይደለም። ዜናውን «ዲስተርቢንግ» ቢለው ደግሞ ሰቀጠጠኝ፣ ቀፈፈኝ ወደሚሉት ቃሎቻችን ይጠጋል። እኛ በመኝታ ቤታችን የጎረቤት ራዲዮ ሲጮኽም፣ ፍቅረኛ ስታኮርፍም፣ ፈተና ሲቃረብም፣ ሻይ ሲዘገይም «ዲስተርብ አደረገኝ» እንላለን። ራዲዮው እንቅልፍ ነሣኝ፣ ኩርፊያው ሆዴን አባባው፣ ፈተናው አስጨነቀኝ፣ የሻዩ መዘግየት አናደደኝ ለማለት አራት ቃል የሰጠንን ቋንቋ ትተን በአንድ የውሰት ቃል ስንንተባተብ፣ ለራሳችንም የትኛው እንደ ደረሰብን አናውቀውም። ይህን የምንለው በውሰት ቃል ላይ ዘመቻ ለመክፈት አይደለም። ራዲዮም የውሰት ቃል ነው፤ ማንም አልተጎዳበትም።

ዋናው ነገራችን ግን ሰዋስው ነው። «ዲስተርብ» በእንግሊዝኛ ተሳቢ የሚፈልግ ግስ ነው። ማንን ወይም ምንን የሚለውን ካልጨመሩበት ዓረፍተ ነገሩ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ይሆናል። የሆቴሉ ካርቶን ተሳቢ የለውም የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተሳቢው ከበሩ በስተጀርባ ተኝቷል፣ ማንም አይጠፋውም። በሌላ ቦታ ሁሉ እንቅልፉን፣ ወፏን፣ ጎረቤቱን፣ የሕዝብን ሰላም ተብሎ መጠራት አለበት።

የግሱ የላቲን አባት «ዲስቱርባሬ»ም ተሳቢውን ይዞ ይገኛል። ሮማውያን ሲራኩስን በ212 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲይዙ ስለ ተገደለው ስለ አርኪሜዴስ የሚነገረውን ታሪክ ብዙዎቻችን በሒሳብ ክፍል ሰምተናል። ወታደሩ ሲደርስበት ሊቁ በአቧራ ላይ በሣለው ሥዕል ተመስጦ ነበር፤ ስሙን ሲጠየቅ ስሙን ትቶ ሥዕሉን እንዳይነካበት ለመነ ይባላል። ታሪኩን በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊ ቫሌሪዩስ ማክሲሙስ ለዚህ ልመና የተጠቀመበት ቃል «ዲስቱርባሬ» ነው። ሰይፍ በላዩ ቆሞ ሳለ እንኳ ሰውየው እኔን አትንካኝ አላለም፣ ያንን አለ። ተሳቢው ከነፍሱ በላይ የታወቀ ነበር።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ልቅ ነው። «ይረብሻል» ብሎ ማቆም ይቻላል። ማንን እንደሚረብሽ፣ ምን እንደ ተረበሸ ሳይነገር ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ይሰማል። ከዚያም በላይ ግሱ በቀላሉ ስም ይሆናል፤ «ረባሽ» ይባላል። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን መምህሩ ሲወጡ አለቃው ሰሌዳ ላይ «ረባሾች» ብሎ ጽፎ ከሥሩ ስም ይደረድር እንደ ነበር ማን ይረሳል? አንዱ እርሳስ ስለ ለመነ፣ አንዱ ስለ ሳቀ፣ አንዱ ከአለቃው ጋር በጠዋት ተጣልቶ ስለ ነበር ይጻፋል። መምህሩ ተመልሰው ሲመጡ ማንን ረበሸ ብለው አይጠይቁም፤ ስሙ ተጽፏልና እጅህን ዘርጋ ነው። ከእኛ መካከል አለቃ የነበሩም እንዳሉ እናውቃለን፤ ስም አንጠራም። ይህ ልማድ ነው ወደ እንግሊዝኛችን የተሻገረው። በአማርኛ «ክፍል ውስጥ ይረብሻል» የሚለውን ቃል በቃል ስናዞረው ተሳቢ የሌለው እንግሊዝኛ ይወጣል፤ ጆሮው የለመደው ሰው ሲሰማው ምንን ብሎ ይጠብቃል፣ ምንም አይመጣለትም። በማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው።

ለአማርኛው ተርጓሚ ግን ፍርድ እንዳናጓድል አንድ ነገር መናገር አለብን። «ሁከት» ከግእዙ «ሆከ» የወጣ ነው፤ ትርጉሙም መነቅነቅ፣ ማናወጥ ነው። ስለዚህ ሥሩን ብቻ ለሚመለከት ሰው ከ«ዲስተርብ» ጋር ወንድማማች ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነካበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ለዳኛ ሊያመለክት ይችላል፤ ይህም በፍርድ ቤቶቻችን «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። እዚያ ሁከት ማለት ጎረቤት አጥር ሲያስገፋ ወይም መሬት ሲያርስበት ነው እንጂ ድንጋይ መወራወር አይደለም። ይሁን እንጂ ከሳሹ ምን ይዞ እንደ ነበረና የትኛው ይዞታው እንደ ተነካ ሳያስረዳ አይፈረድለትም። እዚያም ተሳቢ አለ ማለት ነው። በመንገድና በጎረቤት ወሬ ውስጥ ያለው ሁከት ግን ሌላ ነው። ገበሬው አባት የሰሙት የዳኛውን ሁከት ሳይሆን የመንገዱን ሁከት ነው፤ በዚህም ሊፈረድባቸው አይገባም።

መነቃነቅ ራሱ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ወይ የሚለውን የሳይንስ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። የ«ዲስተርብ» የቅርብ ዘመድ «ፐርተርብ» በሥነ ፈለክ የተከበረ ቃል ነው። ዩራኑስ የተባለችው ፕላኔት በ1781 እ.ኤ.አ. ከተገኘች በኋላ መንገዷ በስሌት ከተጠበቀው ፈቀቅ እያለ ሊቃውንትን ሲያስቸግር ኖረ። ፕላኔቷ ረባሽ ናት ብሎ ከመዝገብ የሠረዛት የለም። በፈረንሳይ ለ ቬርዬ፣ በእንግሊዝ አዳምስ፣ ይህችን የምታናውጣት ያልታየች ሌላ ፕላኔት መኖር አለባት ብለው ቦታዋን አሰሉ። መስከረም 23 ቀን 1846 እ.ኤ.አ. ማታ በበርሊን የኮከብ መመልከቻ ጋለ የተባለው ሊቅ መነጽሩን ወደ ተነገረው ስፍራ ቢያዞር ኔፕቱን ለ ቬርዬ ካመለከተው ቦታ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ተገኘች። ምን ተናወጠ፣ በምን ያህል፣ ከየት በኩል ተብሎ ስለ ተጠየቀ የተገኘ ነው።

የክፍሉን ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከት ፍርድም አለ። በታኅሣሥ ወር 1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ አገር፣ ደ ሞይን በተባለች ከተማ ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ኀዘናቸውንና ተኩስ እንዲቆም ያላቸውን ምኞት ለመግለጽ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ። ከመካከላቸው ሜሪ ቤት ቲንከር የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ሹማምንት ብጥብጥ ይነሣል ብለው አስቀድመው ከልክለው ስለ ነበር ተማሪዎቹን አባረሩ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የካቲት 24 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ሰባት ዳኞች ለተማሪዎቹ፣ ሁለት በተቃራኒ ፈረዱ። የብዙኀኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ፎርታስ የያዙት ነጥብ፣ ረብሻ ይነሣል የሚል ያልተወሰነ ፍርሃት አይበቃም፣ ትምህርቱ በእርግጥና በከባድ ሁኔታ መሰናከሉ መታየት አለበት የሚል ነው። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን በተቃራኒው የቆሙት የዳኛ ሁጎ ብላክ ክርክር ነው። እርሳቸው ልጆቹን አጥፍተዋል ሲሉ እንዲሁ አላሉም። የአንድ የሒሳብ መምህር የትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ጨርቁ በተነሣው ክርክር ተበላሽቷል ብለው ጠቀሱ። በፍርዳቸው ባንስማማም ወግ ያለው ክስ እንዴት እንደሚቀርብ አሳይተዋል፤ የተበላሸውን ነገር በስሙ ጠርተውታል።

ወደ እኛ ክፍል ስንመለስ፣ በዚያ ቀን የሆነው ነገር በእንግሊዝኛ «ኢንተራፕት» የሚባለው ነው፤ የሰው ንግግር ማቋረጥ ነው። ሳቁን ያነሣነው እኛ ከኋላ ያለነው ስለ ሆንን የሃያው ደቂቃ ዕዳ ከፊሉ የእኛ ነው። ይህን በዚህ ወረቀት ላይ በፊርማ ያህል እናረጋግጣለን። ማስጠንቀቂያ መስጠት ግድ ከሆነ «ተማሪው በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ደጋግሞ በመጠየቁ ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ተስተጓጉሏል» ተብሎ ሊጻፍ ይችል ነበር። እንዲህ ቢጻፍ ልጁ መልስ መስጠት ይችላል፤ የተስተጓጎለው በእኔ ጥያቄ ነው ወይስ በሳቁ ብሎ መከራከር ይችላል። «ዲስተርብ አድርጓል» ለሚለው ግን ምን ብሎ ይመልሳል? አላደረግሁም ከማለት በቀር የሚይዘው ነገር የለውም።

ለነገሩ እኛ ይህን ሁሉ ከመጻሕፍት ፈልገን ከማግኘታችን በፊት አባትየው በአንዲት ቃል ጨርሰውት ነበር። በመጡ ማግሥት ልጃቸውንና ሁለታችንን ይዘው ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉትና «ታዲያ ማንን ነው የረበሸው?» አሉን። የደብዳቤው ጸሐፊ ስላልነገረን እኛም ልንነግራቸው አልቻልንም። መምህሩን ነው ብንል መምህሩ አልከሰሱም፤ የተማሪዎቹን ትምህርት ነው ብንል ከተማሪዎቹ መካከል ሦስታችን እዚያው ተቀምጠናል። አባትየው ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱ። ለልጃቸው የተረፋቸውን ገንዘብ ሰጥተው በሦስተኛው ቀን ተሳፈሩ።

ደብዳቤው እስከ ዛሬ በልጁ ማኅደር ውስጥ እንዳለ ነው። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ተሳቢው እንዲጨመርለት፣ የአማርኛውም «ሁከት» እንዲነሣና የታረመው ግልባጭ በዚያው አድራሻ ለአባቱ እንዲላክ በማኅበራችን ስም ለሚመለከተው ክፍል ማመልከቻ አስገብተናል። መልሱ ሲደርሰን በዚሁ ወረቀት እናወጣዋለን።